እትዬ ፊሎሜና ወደ ባሕሩ የወረዱበት ሳምንት

እንግራሲያ እባላለሁ። ጂሮና ውስጥ፣ ከካቴድራሉ ደረጃዎች በታች ባለችው ጠባብ መንገድ ላይ፣ ሰባት ክፍል ያላት ማረፊያ ቤት አለችኝ። ከእናቴ የወረስኳት ናት። ርካሽ ናት፤ ይህንንም ለማንም ደብቄ አላውቅም። ሊፍት የላትም፣ ቁርስ አታቀርብም፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ሙቅ ውኃ የሚመጣው ደስ ሲለው ነው። ስለዚህ ወደ እኔ የሚመጡት ኪሳቸው የሳሳ ሰዎች ናቸው፤ ተማሪዎች፣ በብስክሌት የሚዞሩ ወጣቶች፣ ከጡረታቸው ቆጥበው አሮጌውን ከተማና ባሕሩን በአንድ ሳምንት አይተው የሚመለሱ ባልና ሚስቶች። ሁሉም የሚጠይቁኝ ያው ነው፤ ርካሽ ምሳ የት አለ፣ ወደ ባሕሩ የሚወርደው አውቶብስ ከየት ይነሳል፣ ሻንጣችንን ትተን መሄድ እንችላለን ወይ።

የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ሰኔ ወር ላይ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የመጡት ሴት ግን ከእነዚህ አንዱንም አልጠየቁኝም። ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል፣ እግራቸው ላይ ወፍራም የቆዳ ጫማ፣ እጃቸው ላይ በገመድ የታሰረች ትንሽ ቦርሳ። በሩ ላይ ቆመው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ።

«ክፍል አለሽ?» አሉኝ።

«አለ። ለስንት ቀን ነው?»

«ሰው እስካገኝ ድረስ።»

አነጋገራቸው የመጡበትን አገር ነገረኝ። ከካምፕሮዶን በላይ ካሉት የተራራ መንደሮች የሚመጣ ሰው አንዷን ቃል በደንብ ሳያስቀምጥ ሌላዋን አያነሳም። ስማቸው ፊሎሜና ነበር፤ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው። በጣም ርካሹን ክፍል ስላሉኝ ከጣሪያው ሥር ያለችውን፣ አልጋና ወንበር ብቻ የምትይዘውን ሰጠኋቸው። አንሶላ እንዳልቀይርላቸው፣ ፎጣም ከቤታቸው እንዳመጡ ነገሩኝ። ከዚያ ከደረታቸው አንድ ጉርድ ፎቶ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ልጄ ነው። ኤውዳልድ። ይህን ፊት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ጸጉሩ የተንጨባረረ፣ ፎቶ የሚያነሳውን ሰው እንደሚቆጣ ሆኖ የሚያይ ወጣት ነው። የግራ ጆሮው ጫፍ የለም። በአራት ዓመቱ የጎረቤት ውሻ ነክሶት ነው አሉኝ።

አላየሁትም ነበር። አላየሁትም ስላቸው ፊታቸው ላይ ምንም አልተለወጠም፤ ፎቶውን መልሰው ደረታቸው ውስጥ ከተቱና ደረጃውን መውጣት ጀመሩ።

ታሪኩን የነገሩኝ በማግስቱ ነው፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ እግራቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው። ባላቸው ሰልዶኒ ሃያ ሁለት ላሞች ነበሯቸው። ላሞቹ ከሚያስገቡት የሚበሉት ይበልጥ ነበር። ኤውዳልድ፣ አንድ ልጃቸው፣ ላሞቹን ሸጠን በረቱን ለተራራ ተጓዦች ማደሪያ እናድርገው ይል ነበር። አባት ደግሞ እንግዳ ሰው በላሞቼ ቦታ አይተኛም ይላሉ። ሁለት ዓመት እንዲህ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ መንደሩ ሁሉ በተሰበሰበበት መጠጥ ቤት፣ ሰልዶኒ ተነሥተው «ከዛሬ ጀምሮ ልጅ የለኝም፤ ልጅህ ብሎ የሚጠራልኝ ሰው ካለ ከእኔ ጋር አይነጋገር» አሉ። ኤውዳልድ የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ፣ ወጣ። ልብሱን እንኳ ሊወስድ ወደ ቤት አልተመለሰም።

ሦስት ዓመት ሆነው። በሦስት ዓመት ውስጥ የመጣው አንድ ፖስት ካርድ ነው። ፊቱ ላይ በጂሮና መካከል የሚያልፈው የኦኛር ወንዝና ከወንዙ ዳር የተደረደሩት ባለቀለም ቤቶች፣ ጀርባው ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር፤ ደህና ነኝ፣ ባሕር አጠገብ ነው የምሠራው። አድራሻ የለውም።

«በብርዱ ወራት መጨረሻ ሰልዶኒ በረት ውስጥ ወደቀ» አሉኝ እትዬ ፊሎሜና። «ግማሽ ጎኑ አይሠራም። አንደበቱም ተዘጋ። አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ለውኃም ለሕመምም ያው ድምፅ ነው። ቀኑን ሙሉ ግን በሩን ነው የሚያየው። ዓይኑን ከበሩ አይነቅልም።»

«ልጁን እየጠበቁ መሆኑን በምን አወቁ?» አልኳቸው። ቀጥዬም ሳላስብ «ምናልባት ላሞቹ ናፍቀዋቸው ይሆናል» አልኩ።

«ላሞቹ በሌላኛው በር ናቸው» አሉኝ።

በሽተኛውን የምትጠብቀው የሰልዶኒ እህት ራሞና ነበረች። የገዛ ልጇ ልትወልድ ስለሆነ እስከሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ብቻ ነው የምትቆየው። ከዚያ በኋላ እትዬ ፊሎሜና ከበሽተኛው አልጋ የሚለዩበት ቀን አይኖርም። ስለዚህ ዘጠኝ ቀን ነበራቸው። ዘጠኝ ቀን፣ አንድ ፎቶ፣ ከቤት ያመጡት ቋሊማና ደረቅ ዳቦ። ዳቦው ላይ ቲማቲም እንዲያሹበት እኔ ነበርኩ የምሰጣቸው፤ እሱንም በግድ ነው የሚቀበሉኝ።

ዓርብና ቅዳሜ ከተማዋን በእግራቸው ጨረሷት። ሌላው ሰው ከፍሎ ከአስጎብኚ ጋር የሚያየውን ሁሉ አይተዋል፤ የአይሁዶቹን ሰፈር፣ የአሮጌውን ቅጥር አናት፣ ሁሉንም ድልድዮች። ግን ያዩት በየቦታው ያሉትን የወጣት ፊቶች ነው። ለድሆች ምግብ የሚሰጥበት ቤት ሄዱ። ሆስፒታል ሄዱ። ፖሊስ ጋ ሄደው አንድ ትሑት ወጣት «እናቴ፣ ልጅዎ አዋቂ ሰው ነው። ሊገኝ ካልፈለገ መጥፋት መብቱ ነው» አላቸው። ይህን ሲነግሩኝ አልተቆጡም። «መብቱ ነው አለኝ» ብለው ብቻ ደገሙት፣ የማያውቀውን ቋንቋ ቃል እንደሚደግም ሰው።

ቅዳሜ ወደ ማታው ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ካቴድራሉ ደረጃ መካከል ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው ነው። ዙሪያቸውን ጎብኚ ሞልቷል፣ አንዲት ልጅ ደግሞ ፎቶ ላንሳዎት እያለች በምልክት ትለምናቸዋለች። እትዬ ፊሎሜና የለመነቻቸው ሌላ ነገር መስሏቸው የልጃቸውን ፎቶ አወጡና አሳዩአት። ልጅቷ ፎቶውን አይታ ፈገግ አለች፣ በጣቷ ምልክት «ቆንጆ ነው» አለቻቸውና ሄደች። እኔ ክንዳቸውን ይዤ አነሣኋቸው። ደረጃው ላይ ክብደታቸውን በሙሉ እኔ ላይ ጥለውት ነበር።

እሑድ ዕለት ጋስፓር መጣ። ጋስፓር ወደ ባሕሩ የሚወርደው አውቶብስ ሾፌር ነው፤ ሠላሳ ዓመት ስንበሻሸቅ የኖርን ጎረቤቴ ነው።

«እንግራሲያ፣ ዛሬ ስንት እንግዳ አባረርሽ?»

«አንተ የመጀመሪያው ነህ፤ ግባና ተባረር።»

እትዬ ፊሎሜና ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ማንንም ሳልጠይቅ ፎቶውን ከእጃቸው ወስጄ አሳየሁት። ጋስፓር መነጽሩን አወጣ፣ ፎቶውን አራቀው፣ አቀረበው።

«ፊቱን አላውቀውም» አለ። «ጆሮውን ግን አውቀዋለሁ። ባለፈው ዓመት በመጀመሪያው አውቶብስ ይሳፈር ነበር። ልክ ከኋላዬ ይቀመጥና ይተኛል፤ በመስታወቴ የማየው ጆሮውን ነው። ወደቡ ያለባት ሳን ፌሊው ስንደርስ እኔ ነበርኩ የምቀሰቅሰው።»

እትዬ ፊሎሜና ተነሥተው የሸሚዙን እጅጌ ያዙት። «ጤነኛ ነበር?»

«ይተኛ ነበር እኮ፣ እናቴ። እንደዚያ የሚተኛ ሰው ምን ይሆናል?»

«ምን ይሸት ነበር? መጠጥ ይሸት ነበር?»

ጋስፓር አሰበ። ቀልዱን ከፊቱ ላይ አነሣው። «ሽንኩርት» አለ። «የወጥ ቤት ሽታ። መጠጥ አይደለም።»

እሳቸውም እጅጌውን ለቀቁት። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳ ከእኔ ጋር ቁጭ ብለው በሉ።

ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶብስ ሄዱ። ለማያድሩበት ክፍል መክፈል ስለማይችሉ ክፍሉን ለቀቁ፤ ቦርሳቸውን ግን እኔ ጋ ተዉ። ባሕሩ ዳር ያለ ሆቴል በሰኔ የማይቀመስ መሆኑን ነገርኳቸው። «እስካገኘው እንቅልፍ አልፈልግም» አሉኝ። ጋስፓር በኋላ እንደነገረኝ፣ አውቶብሱ ከኮረብታው ዞሮ ባሕሩ ብቅ ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን ወደ መስኮቱ አነሣ። እትዬ ፊሎሜና በሕይወታቸው ባሕር አይተው አያውቁም። ፊታቸውን ወደ ሌላኛው መስኮት አዞሩ፣ ወደ ጥዱ ጫካ።

ማክሰኞ ምንም ወሬ አልሰማሁም። ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የማረፊያ ቤቴ ስልክ ጮኸ።

«ፊሎሜናን አቅርቡልኝ» አለች አንዲት ሴት። «ራሞና ነኝ።»

«የሉም። ወደ ባሕሩ ወርደዋል።»

«ስልኳ አይሠራም። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እደውላለሁ።» ከዚያ «ወንድሜ ዛሬ ንጋት ላይ አረፈ» አለች። «ዓርብ ጠዋት ነው ቀብሩ። ከዚያ በላይ ማቆየት አልችልም። ያለ ሚስቱ ልቅበረው?»

አገኛቸዋለሁ አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ወደ ላይኛዋ ክፍል ወጣሁ። የስልካቸው ቻርጀር ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ነው።

ያን ዕለት በሕይወቴ ለሁለተኛ ጊዜ ቤቱን በቀን ዘጋሁት። የመጀመሪያው እናቴ የሞተችበት ቀን ነው። በሩ ላይ ወረቀት ለጥፌ በጋስፓር አውቶብስ ወረድኩ።

ሳን ፌሊው ስደርስ ከወደቡ ፊት ለፊት ያለው የመጀመሪያው ምግብ ቤት ገባሁ። ጥቁር የለበሱ ሴት ብዬ ሳልጨርስ አብሳዩ ራሱን ነቀነቀ።

«ፎቶ የያዘችው? ሰኞ ነበረች። ወጥ ቤቴ ድረስ ገብታ ዕቃ አጣቢዎቼን አንድ በአንድ ፊታቸውን አየች። አንዱን አገጩን ይዛ አዞረችው። ልቆጣ ነበር፣ ግን...» እጁን አወናጨፈ። «ወደዚያ ሄደች። በገደሉ መንገድ።»

የገደሉ መንገድ ድሮ የጠረፍ ዘቦች ኮንትሮባንድ ነጋዴ ለማሳደድ የሚሄዱበት ነው፤ ከአንዱ ትንሽ የባሕር ወሽመጥ ወደ ሌላው እየወጣ እየወረደ ይሄዳል። አሁን ሰዎች ለመዝናናት የሚሄዱበት ነው፣ ውኃ ይዘው፣ ባርኔጣ አድርገው። እኔ አውቶብሱን መረጥኩ። እየወረድኩ እጠይቃለሁ፣ ተመልሼ እሳፈራለሁ። በየደረስኩበት አልፈዋል። ሳጋሮ ላይ አንድ አስተናጋጅ ወንበር ሰጥቷቸው አልቀመጥም ብለው ቆመው ውኃ ጠጥተዋል። ፕላጃ ዳሮ ላይ ፎጣ የምትሸጥ ሴት አሸዋው ላይ ጫማቸውን ሳያወልቁ ሲሄዱ አይታ ስቃባቸው እንደነበር፣ ማግስቱን ጠዋት ግን አውቶብስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተኝተው አግኝታቸው ቡና እንደገዛችላቸው ነገረችኝ። እዚያው አካባቢ አንድ ዕቃ አጣቢ ነበር ጉዳዩን የቋጨው።

«ኤውዳልድ? ከእኔ ጋር ሁለት ወር ሠርቷል። ከአለቃችን ተጣልቶ ፓላሞስ ሄደ፣ የዓሣ ወደቡ ላይ። ለእናትየውም ትናንት ይህንኑ ነገርኳት።»

ፓላሞስ የደረስኩት ከቀኑ አሥር ሰዓት አልፎ ነው። ጀልባዎቹ መግባት ጀምረዋል። የዓሣ ጨረታው አዳራሽ በር አጠገብ፣ የደረቀ መረብ ክምር ላይ፣ እትዬ ፊሎሜና ተቀምጠዋል። ጫማቸውን አውልቀዋል። ተረከዛቸው ተልጦ መሐረባቸውን ቀደው ጠቅልለውበታል።

ሲያዩኝ አልገረማቸውም። «አገኘሁት» አሉኝ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የሰልዶኒ ሞት አፌ ውስጥ ነበር። እሳቸው ግን ንግግራቸውን ጀምረው ነበር፣ ለሁለት ቀን የሚሰማቸው ሰው አጥተው።

«ትናንት እዚህ ጋ ወጥቶ አነጋገረኝ። ከስቷል። እጁ በበረዶ ተሰነጣጥቋል። አባትህ ሊሞት ነው፣ ና ላሳይህ አልኩት። አልመጣም አለኝ። ለምን አልኩት። በሰው ፊት ልጅ የለኝም ብሏል፣ በሰው ፊት ልጄ ነው ካለ እመጣለሁ አለኝ። ልጄ፣ አባትህ መናገር አይችልም አልኩት። ምን አለኝ መሰለሽ? እንግዲያው እኔም መምጣት አልችልም አለኝ። ተመልሶ ገባ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ አልወጣም። እዚህ መሆኔን ያውቃል። በዚያች መስኮት ሁለት ጊዜ አይቶኛል። እኔም ቅዳሜ ድረስ አልነሣም። እናቱ በረንዳ ላይ እንደ ውሻ ተኝታ እያያት እስከ ስንት ቀን ይችላል?»

እዚያ ላይ ነው ያሰብኩት። ብዙ አላሰብኩም፣ ምናልባት ሦስት ደቂቃ። አሁን የሰልዶኒን ሞት ለእትዬ ፊሎሜና ብነግር ይነሣሉ፣ ወደ ቀብሩ ይሮጣሉ። ልጁ በሰው በሰው ይሰማል፣ ወይ አይሰማም። እናትና ልጅ በዚህ በር ግራና ቀኝ እንደቆሙ ይቀራሉ። መጀመሪያ ልጁ ቢሰማና ራሱ ወጥቶ ቢነግራቸው ግን፣ ከእናቱ ጋር አንድ ነገር ይካፈላል፤ ካለቀሱም አብረው ያለቅሳሉ። ለልጁ የሚከብደውን ሥራ እሰጠዋለሁ፣ እሱም ከዚያ በኋላ ጥሏቸው አይሄድም። እንዲህ ነው ያሰብኩት። ብልህነት መስሎኝ ነበር።

«ውኃ ላምጣልዎት» ብዬ ተነሣሁ።

ዘበኛው ከልክሎኝ ነበር፤ የሰው ሞት ይዤ ነው ስለው አስገባኝ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ ወለሉ እርጥብ። ቀያይ ሽሪምፖች በየሳጥኑ በረዶ ላይ ይደረደራሉ። ኤውዳልድን በጆሮው ነው የለየሁት።

«እናትህ የሰነበቱበት ማረፊያ ቤት ባለቤት ነኝ፤ ከጂሮና» አልኩት።

«ይዘዋት ይሂዱ» አለኝ፣ ከሳጥኑ ቀና ሳይል። «ይዘዋት ይሂዱልኝ፣ እባክዎ። እንደዚያ ተቀምጣ ሳያት መሥራት አልቻልኩም።»

«አባትህ ዛሬ ንጋት ላይ ሞተዋል።»

እጁ በረዶው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ሌሎቹ ሠራተኞች ሥራቸውን አላቆሙም፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስለነበር አልሰሙም። «እሷ አውቃለች?» አለኝ።

«አላወቁም።»

«ውጭ ተቀምጣ እያለች አልነገሯትም?»

«አንተ ንገራቸው። እኔ እንግዳ ነኝ።»

እንደ ፎቶው አየኝ፣ ቁጣና ሌላ ነገር ተቀላቅሎበት። ጓንቱን አወለቀ። እንደገና ለበሰው። ከዚያ የጎማ ቡትሱንና የፕላስቲክ ሽርጡን እንደለበሰ ወደ በሩ ሄደ። እኔ ከኋላ ቀርቼ መስኮቱ ጋ ቆምኩ።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩትም።

እትዬ ፊሎሜና በሩ ሲከፈት ቀና አሉ። ልጃቸው ወጥቶ ወደ እሳቸው ሲመጣ አዩ። ዛሬ ሊወጣ ያልፈለገ ልጅ፣ ሥራውን ትቶ፣ ፊቱ ተሰብሮ ወጥቶ መጣ። ያኔ ፊታቸው በራ። ስድስት ቀን ያወቅኩት ፊት ነው፤ እንዲህ መሆን እንደሚችል አላውቅም ነበር። ተነሡ። በባዶ እግራቸው ቆመው ቀሚሳቸውን በሁለት እጃቸው አራገፉ፣ ጸጉራቸውን ወደ ኋላ መለሱ፣ ጫማቸውን ከመሬት አንሥተው ያዙ። መንገድ ሊሄዱ ነው። ከልጃቸው ጋር ወደ ቤት ሊሄዱ ነው። አንድ ነገርም አሉት፣ መስታወቱ ስለከለለኝ አልሰማሁም። እጃቸውን ወደ ጉንጩ ዘረጉ።

ኤውዳልድም ነገራቸው።

አልጮኹም። የዘረጉት እጅ ጉንጩ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ጫማው ከሌላኛው እጃቸው አንድ በአንድ ወደቀ። ልጃቸው ሊይዛቸው ሲል ወደ ኋላ አፈገፈጉና መረቡ ላይ ተቀመጡ። እሱ ፊታቸው ተንበረከከ፣ ራሱን ጉልበታቸው ላይ አኖረ፣ ጀርባው ሲንቀጠቀጥ ከሩቅ ይታያል። እትዬ ፊሎሜና ግን ራሱን አልዳሰሱትም። ከራሱ በላይ አሻግረው ነበር የሚያዩት፣ እኔ ወዳለሁበት መስኮት።

የመጨረሻው አውቶብስ ላይ ሦስታችን ተሳፈርን። ጋስፓር ነበር የሚነዳው፤ ፊታችንን አይቶ አንድም ቀልድ አልቀለደም። ኤውዳልድ ከእናቱ አጠገብ ተቀመጠ። መንገዱን ሁሉ እሱ ይናገራል፣ እሳቸው ይሰማሉ። የሚናገረው ለሟቹ ይመስል ነበር፤ እኔ አልመጣም ያልኩት እንዲህ ይሆናል ብዬ አይደለም፣ ትንሽ ሊቆይ መስሎኝ ነው፣ ለገና እመጣለሁ ብዬ ነበር። ጂሮና ስንደርስ ወደ ካምፕሮዶን የሚያደርስ አውቶብስ ስላልነበረ እኔ ጋ አደሩ። በዚያ ምሽት ማንም እራት አልበላም።

ሐሙስ ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ኤውዳልድ ቲኬት ሊቆርጥ ሲሄድ ከእትዬ ፊሎሜና ጋር ብቻችንን ቀረን። ቦርሳቸውን ሰጠኋቸው። የተቻለኝን ለመናገር ሞከርኩ፤ ቢያንስ ልጅዎ አብሮዎት ይሄዳል አልኩ።

«መቼ ነው የሰማሽው?» አሉኝ።

«ትናንት ጠዋት።»

«አጠገቤ ስትቀመጪ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ። «ባሌ ነበር» አሉ። «አርባ አንድ ዓመት ባሌ ነበር። መጀመሪያ ለእኔ ነበር መነገር ያለበት። ልጄ በዚያ በር ሲወጣ ምን እንደመሰለኝ አየሽ አይደል? ቆመሽ ታዪኝ ነበር።»

«አየሁ።»

«ለሦስት ዓመት የለመንኩት ነገር ደረሰልኝ ብዬ ነበር።»

ይቅርታ ማለት ፈለግሁ። ኤውዳልድ ቲኬቱን ይዞ መጣ። እትዬ ፊሎሜና አውቶብሱ ላይ ወጡ፤ በመስኮቱ በኩል አላዩኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ከኤውዳልድ ነው። ለቀብሩ ደርሰዋል። ሬሳውን ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። ሰልዶኒ ያንን ቃል በተናገሩበት መጠጥ ቤት ደጃፍ ሲያልፉ ባለቤቱ ወጥቶ ባርኔጣውን አወለቀና «የሰልዶኒ ልጅ» ብሎ ጠራው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ዘግይቶ የመጣ ነገር ነበር፣ ከሌላ ሰው አፍ።

መንደሩ ውስጥ ሁለት ሳምንት ቆየ። በረቱ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል። ላሞቹን ማለብ ረስቶ ነበር። አንድ ቀን እናቱ ወተቱን ከእጁ ተቀብለው «ሂድ፣ ሥራህ ይጠብቅሃል» አሉት። በዚያው ዓመት፣ ብርዱ ሳይገባ፣ እሳቸው ራሳቸው ነጋዴ ጠርተው ላሞቹን በሙሉ ሸጡ። ማንንም አላማከሩም። በረቱን ግን ማንም ማደሪያ አላደረገውም፤ ተዘግቶ ቆሟል።

ኤውዳልድ አሁንም ፓላሞስ ነው የሚሠራው። በወር አንዴ ወደ ተራራው ሲወጣ ጂሮና ላይ አውቶብስ ይቀይራል፤ ጊዜ ካለው እኔ ጋ ይገባል። ባለፈው መጋቢት መጥቶ ወጥ ቤቴ ውስጥ ሾርባ ሰጠሁት። እናቱ እንዴት እንደሆኑ ጠየቅኩት። ጤነኛ ናት አለኝ፣ የአትክልት ቦታዋን ትሠራለች፣ ከራሞና ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች።

«ስለ እኔ ያነሣሉ?» አልኩት።

«አያነሡም» አለ። የእኔን አነጋገር ይዞ አክብሮ ነበር፣ ከዚያ ወደ ልማዱ ተመለሰ። «አታነሣም። ግን አንድ ነገር አለ። ድሮ እኔ ከውጭ ስገባ በሩ ላይ ነበር የምታገኘኝ፤ ከመንገዱ ጥግ ጀምራ ታየኝ ነበር። አሁን በሩን ከፍቼ ስገባ ከወንበሯ አትነሣም። እጇ ላይ ያለውን ነገር ይዛ ወደ መሬት እያየች ትጠብቃለች። እኔ ነኝ እማዬ፣ ምንም የለም፣ ሁሉም ደህና ነው እላታለሁ። እንደዚያ ካልኳት በኋላ ነው ቀና ብላ የምታየኝ።»

ማንኪያውን አስቀመጠ።

«በወር አንዴ ነው የምሄደው» አለኝ። «ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።»

ሾርባውን ልጨምርልህ ወይ አልኩት፤ በቃኝ አለና አውቶብሱ እንዳያመልጠው ተነሣ።